የኢትዮጵያ ፊደልና የጽሕፈት መሣሪያ፦ ከብርዕ እስከ ኮምፒዩተር

የአንድ ሕዝብ ፊደል በምን መሣሪያ ሲጻፍ እንደ ኖረ መመርመር የሕዝቡን ኑሮ ከውስጥ መመርመር ነው፤ ንጉሥ ትእዛዙን፣ ካህን ድርሳኑን፣ ባለጉዳይ አቤቱታውን፣ እናት በሩቅ አገር ላለ ልጇ ናፍቆቷን የሚያስተላልፉት በዚያው መሣሪያ ስለ ሆነ፣ መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር የሚጽፈው ሰውም፣ የሚጻፈው ነገርም፣ የሚነበብበት ስፍራም አብሮ ይለወጣል። የኢትዮጵያ ፊደል በብርዕ፣ በማተሚያ ቤት እርሳስ፣ በጽሕፈት መኪናና በኮምፒዩተር በየተራ አልፎ ከእኛ ዘመን ሲደርስ፣ አንድ ጥያቄ ከመንገዱ ሳይለየው ኖሯል፤ ይኸውም ፊደሉ ለመሣሪያው እንዲመች ይቀነስ ወይስ መሣሪያው ለፊደሉ እንዲመች ይሠራ የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄው እንዴት እንደ ተነሣና እንዴት እንደ ተፈታ በቅደም ተከተል ማሳየት ነው።

በጥንቱ ሥርዓት መጽሐፍ የሚጀመረው ከፍየል ቆዳ ነበር። ቆዳው በውኃ ተዘፍዝፎ ከሰነበተ በኋላ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ ሥጋው ይፋቃል፣ ጠጉሩ ይላጫል፣ ገጹ በድንጋይ እየታሸ ይለሰልሳል፤ ደርቆ ብራና ከሆነም በልክ ተቆርጦና ታጥፎ ለጥራዝ ይዘጋጃል። ጸሐፊው ከመጻፉ አስቀድሞ በወስፌ ጫፍ ቀለም የሌለው መስመር ያሰምርበታል፤ ይህም መስመር ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ እንኳ ብራናውን ወደ ብርሃን ላዘነበለ ሰው ይታያል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ተቀምሞ እስኪብላላ ድረስ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ቀዩ ቀለም ደግሞ ለእግዚአብሔርና ለእመቤታችን ስም፣ ለቅዱሳንም ስምና ለምዕራፍ መነሻ ተለይቶ ይጠበቃል። ቁም ጸሐፊው ቀለም የያዘውን ቀንድ ከአጠገቡ ምድር ላይ ተክሎ፣ ብራናውን በጉልበቱ አስደግፎ፣ በመቃ ብርዕ ፊደሉን አንድ በአንድ ያቆማል፤ ቢሳሳት በካራ ፍቆ ያርማል፤ ሲፈጽምም ስሙን ጽፎ አንባቢው በጸሎቱ እንዲያስበው ይማጸናል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የፊደሉ ብዛት ለማንም ሸክም አልነበረም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ቤት ሲረቡ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩም ቁጥሩ ከዚያ በላይ ይወጣል። ነገር ግን ብርዕን የሚመራው እጅ በመሆኑ፣ ካዕቡን ከግዕዙ፣ ሐምሱንም ከሣልሱ ለመለየት አንዲት ጭረት ወይም አንዲት ቀለበት መጨመር ለሠለጠነ ጸሐፊ ድካም አይደለም፤ ድካሙ በልጅነት ዘመን በትምህርት ተከፍሎ ያለቀ ነውና። የዚህ ጥበብ ጉድለቱ ሌላ ነበር፤ አንድ ዳዊት ብዙ ወራት ስለሚወስድ መጽሐፍ የገዳማት፣ የአድባራትና የመኳንንት ሀብት ሆኖ ኖረ፤ ተራው ሰውም ደብዳቤ መላክ ሲያስፈልገው ወደ ደብተራ ደጅ መሄድ ነበረበት።

ፊደላችን ከመኪና ጋር መጀመሪያ የተገናኘው ከአገሩ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን፣ በሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ፣ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ከወንድሞቻቸው ጋር በዚያችው ከተማ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳትመው፣ ቋንቋውን በማያውቁ አታሚዎች እጅ ስለ ተፈጠረው ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ጠየቁ። በአገር ውስጥ ግን በ1890ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው «አእምሮ» ጋዜጣ እንኳ መጀመሪያ በእጅ ጽሕፈት ይባዛ ነበር፤ ኅትመት ሥር የሰደደው አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1914 ዓ.ም. የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ካቋቋሙና በ1917 ዓ.ም. በዚያው ስም ጋዜጣ መውጣት ከጀመረ ወዲህ ነው። በማተሚያ ቤትም ቢሆን ፊደሉ ሙሉነቱን አላጣም፤ እያንዳንዱ ፊደል ከእርሳስ ተቀርጾ በሣጥን ውስጥ የየራሱ ጎጆ ስለ ነበረው፣ ፊደል ለቃሚው ከላቲን ለቃሚ ይልቅ ብዙ ጎጆ ማስታወስና እጁን አርቆ መዘርጋት ቢኖርበትም፣ በወረቀቱ ላይ የሚታየው ቅርጽ ግን የቁም ጸሐፊው ቅርጽ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከጽሕፈት መኪና ጋር ነው። ከ50 በማይበልጡ ቁልፎች ለላቲን ፊደል የተፈለሰፈ መኪና ከሁለት መቶ በላይ ፊደላትን እንዲያስተናግድ ማድረግ ብርቱ የአእምሮ ሥራ ይጠይቅ ነበር፤ በዚህም ሥራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። የተገኘው መፍትሔ ፊደሉን ከፋፍሎ መምታት ነበር፤ ጸሐፊው መጀመሪያ የፊደሉን አካል ይመታል፤ ቀጥሎም የካዕቡን ጭረት ወይም የሐምሱን ቀለበት ለብቻው መትቶ ይጨምርበታል። ፊደሉ በዚህ መንገድ መኪና ውስጥ ገባ፤ ነገር ግን ቆስሎ ነው የገባው። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የተቀመጡትን የዚያን ዘመን ደብዳቤዎች የገለጠ ሰው፣ የ«ሉ» ጭረት ከወገቧ ርቃ፣ የ«ሌ» ቀለበት ከእግሯ ተላቃ ብቻዋን ቆማ ያገኛል፤ ማንበብ ይቻላል፤ ውበቱ ግን የለም።

ከዚህ ጉድለት ጋር የጽሕፈት መኪና ለአገሪቱ ያበረከተው ጥቅም ታላቅ መሆኑን መካድ አይገባም። ለብዙ መቶ ዓመታት በወንዶች ካህናት እጅ የቆየው ሙያ፣ በንግድ ሥራ ትምህርት ቤትና በየማሠልጠኛው ታይፕ ለተማሩ ወጣት ሴቶች የእንጀራ በር ከፈተ፤ በካርቦን ወረቀት አንድ ደብዳቤ በአንድ ምት ሦስትና አራት ሆነ፤ በስቴንስል የተጻፈ የፈተና ወረቀትም ተባዝቶ ለመላው ክፍል ተዳረሰ። ከሁሉ ይልቅ ግን መኪናው ከቢሮ ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤት ደጅ ወረደ። ጃንጥላውን ተክሎ፣ መኪናውን በትንሽ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ የሚጠብቀው የማመልከቻ ጸሐፊ፣ የድሮው ደብተራ ተተኪ ነበር ማለት ይቻላል። ከገጠር የመጣው ሽማግሌ በጠረጴዛው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ «ጻፍልኝ እንግዲህ ልጄ» ሲል፣ ጸሐፊው «አባባ፣ መጀመሪያ ስምዎን እስከ አያት ይንገሩኝ» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያም የድንበሩን፣ የውርሱንና የበደሉን ረጅም ታሪክ አድምጦ፣ ዳኛ በሚያውቀው ሥርዓት በአንድ ገጽ ያጠቃልለዋል። በኋላም የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ፣ ሽማግሌው የራሱ በደል በመንግሥት ቋንቋ ተስተካክሎ ሲመለስለት ይሰማል።

መኪናው እንዲህ ተፈላጊ በሆነበት ዘመን ነው ፊደሉ ራሱ ይሻሻል የሚለው ክርክር የበረታው። አንዳንዶቹ ድምፃቸው የተመሳሰለው ሞክሼ ፊደላት እንዲቀነሱ፣ ሌሎቹ የሰባቱ ቤት ቅርጽ ቀርቶ ለሁሉም አንድ ዓይነት ምልክት እንዲቀጠል አሳብ አቀረቡ፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ለታተመው ለ«ፍቅር እስከ መቃብር» መቅድም ሲጽፉ ስለ ፊደል ጉዳይ ያላቸውን አሳብ ገልጠዋል። እነዚህ ሰዎች ለአገራቸው እድገት የተጨነቁ ሊቃውንት ነበሩና አሳባቸው በአክብሮት ሊታይ ይገባዋል፤ ልጆች በቀላሉ እንዲማሩ መሻታቸውም ቅን ነው። ነገር ግን በመኪናው ችግር ላይ የተመሠረተው የክርክሩ ክፍል፣ መኪና ሁልጊዜ ያንኑ ሆኖ ይኖራል ከሚል ግምት የተነሣ ነበር፤ ይህም ግምት ትክክል አለመሆኑን ጊዜ አሳየ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችና ምሁራን፣ ከእነርሱም መካከል ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ ፊደሉን በኮምፒዩተር መጻፍ የሚያስችሉ ፕሮግራሞችን ማዘጋጀት ጀመሩ። አጻጻፉ ለታይፕ ሰው እንግዳ አልነበረም፤ የአካሉ ቁልፍ ይመታል፣ ቀጥሎ የድምፁ ቁልፍ ይመታል። ሆኖም በጽሕፈት መኪና ሁለቱ ምቶች ቀጣጥለው ይሠሩት የነበረውን ቅርጽ፣ ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ምቶች ተቀብሎ አንድ ሙሉ ፊደል አድርጎ ያወጣዋል፤ «ቡ» ከነጭረቷ፣ «ቤ» ከነቀለበቷ፣ ቁም ጸሐፊው እንደ ሳላት ሆና ትታያለች። መሣሪያው የወሰደውን መሣሪያ መለሰው።

ይሁን እንጂ የባቢሎን ዘመን መካከል ላይ ገብቶ ነበር። እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን የውስጥ ቁጥር ስለ ሰጠ፣ በአንዱ የተጻፈውን ሌላው አያነበውም ነበር፤ በቢሮው የጻፈውን በዲስኬት ይዞ ወደ ማተሚያ ቤት የሄደ ሠራተኛ፣ ፋይሉ ሲከፈት ከአማርኛው ይልቅ የላቲን ፊደልና የነጥብ ቅልቅል ያገኝ ነበር። ከዚህ ያወጣን፣ ለዓለም ጽሕፈቶች ሁሉ የጋራ ቁጥር የሚመድበው የዩኒኮድ ሥርዓት ነው። ፍሥሐ አጥላው፣ ዳንኤል ያዕቆብና ሌሎች የደከሙበት የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም አገር ባለ ኮምፒዩተር ቁጥሯ 4608 ነው፤ ሞክሼዎቹ፣ አኃዞቹ፣ ሁለት ነጥቡና አራት ነጥቡም ሳይቀነሱ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሌንና ለሚኤን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። በጽሕፈት መኪና ዘመን እንዲቀነስ የተመከረበት ፊደል በኮምፒዩተር ዘመን ሰፍቶ ወጣ።

የዚህ ለውጥ ፍሬ በዕለት ኑሮ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባና የእጅ ስልክም ጥቂት ቆይቶ ሲከተል፣ መሣሪያዎቹ ፊደላችንን ስለማያውቁ ሰው ሰላምታውን በላቲን ፊደል ለመጻፍ ተገዶ ነበር፤ ዛሬ ግን በጅዳ ያለች እኅት፣ በዋሽንግተን ያለ ወንድምና በደብረ ማርቆስ ያሉ ወላጆች በገዛ ፊደላቸው ይጻጻፋሉ፤ ለጸሐፊ ሳይከፍሉ፣ ለምሥጢራቸውም ሦስተኛ ሰው ሳያስገቡ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያና በአሜሪካው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ትብብር በማይክሮፊልም መነሣት ከጀመሩት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ በኢንተርኔት ስለሚገኙ፣ በሩቅ ገዳም ዕቃ ቤት የተቀመጠውን ድርሳን አንድ ተማሪ በስልኩ ሊያነብ ይችላል።

እንግዲህ መሣሪያው የነበረበትን ዕዳ ከፍሏል፤ የቀረው የጸሐፊው ዕዳ ነው። ዛሬ ፊደሉ በእጁ መዳፍ ሳለ ቋንቋውን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው በመኪና ሊያመካኝ አይችልም፤ «ሠ»ን ከ«ሰ»፣ «ፀ»ን ከ«ጸ» ሳይለይ የሚጽፍም ቁልፍ ጎደለኝ ሊል አይችልም። ስለዚህ ትምህርት ቤቶቻችን ሕፃናትን ፊደል ከማስቆጠር ጋር በኮምፒዩተር ቁልፍ አጻጻፉንም ሊያስተምሩ፣ መሥሪያ ቤቶችም የሚያወጡትን ጽሑፍ በአራሚ ዓይን አሳልፈው ሊያወጡ ይገባል። ቁም ጸሐፊው ስሙን በመጨረሻው ገጽ ሲያኖር ለእያንዳንዱ ፊደል ተጠያቂነቱን መቀበሉ ነበር፤ ያ ተጠያቂነት ዛሬ በጥቂት ጸሐፍት ላይ መቅረቱ ቀርቶ፣ ስልክ በያዘ ሰው ሁሉ ላይ ደርሷል።