ከሊማሊሞ ግርጌ፦ የዋልድባ ሥርዓትና ብፅዓት

ዋልድባ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ ከዛሪማና ከአዲ አርቃይ ወዲያ እስከ ተከዜ በሚዘልቀው ቆላ የሚገኝ ጥንታዊ ገዳም ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ ቅጥር ብቻ ያለው ገዳም አይደለም። አብረንታንት መድኃኔ ዓለም፣ ዳልሽሓ ኪዳነ ምሕረት፣ ሰቋር ኪዳነ ምሕረትና ሌሎችም ማኅበራት በዱሩ ውስጥ ተራርቀው የሚኖሩበት ሰፊ ምድር ነው። ድንበሩን ያበጁት ወንዞች ናቸው። ዛሪማ ከሰሜን ተራሮች ተነሥቶ ወደ ተከዜ ሲወርድ የገዳሙን አንድ ወገን ይዞ ያልፋል፤ ክረምት ሲገባና ወንዞቹ ሲሞሉ መነኮሳቱ ከውጭው ዓለም ይለያሉ። ሙቀቱም፣ ወባውም፣ አራዊቱም ለኑሮ የሚመች ስፍራ ለሚፈልግ ሰው አይሆኑም። ወደዚህ ቆላ ለዘመናት ሲወርድ የኖረው አንድ ነገር ቆርጦ የተነሣ ሰው ነው። የገዳሙ ታሪክ ከነገሥታቱና ከድርሳናቱ ይልቅ የሚታየው ይህን ቁርጥ ሐሳብ፣ ማለትም ብፅዓቱን፣ ቀን በቀን እንዲያዝ አድርጎ ባቆመው ሥርዓቱ ነው።

የገዳሙ ትውፊት የስፍራውን ቅድስና እስከ ስደት ዘመን ድረስ ይወስደዋል። እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ወደዚህ ምድር እንደደረሰች፣ እህል እንዳይዘራበትና እንዳይበላበትም ያን ጊዜ እንደተወሰነ መነኮሳቱ ይናገራሉ። በጽሑፍ ከሚታወቁት የገዳሙ አባቶች ግን ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ ናቸው። የኖሩት በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ ሲሆን፣ በትግራይ የደብረ በንኮል ገዳም አባት የነበሩት የአቡነ መድኃኒነ እግዚእ ደቀ መዝሙር ነበሩ። ያ ዘመን ብዙ መነኮሳት ከታላላቆቹ ገዳማት እየወጡ ገና ክርስትና ወዳልጸናባቸው ቆላዎችና ደሴቶች የተበተኑበት ዘመን ነው። አቡነ ሳሙኤልም በመምህራቸው እግር ሥር አገልግለው፣ ከዚያ በኋላ ወደ ምድረ በዳ ወጡ። ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ምናኔው የመጣው ከመታዘዙ በኋላ ነው።

ስንክሳር በታኅሣሥ 12 የሚያነበው ዜናቸው አርባ ቀንና አርባ ሌሊት መጾማቸውን፣ አንበሶች እንደ ቤት እንስሳ እየታዘዙላቸው መኖራቸውን ይተርካል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አቡነ ሳሙኤል በአንበሳ ላይ ተቀምጠው የሚታዩትም ከዚሁ የተነሣ ነው። ከታሪኮቹ ለዋልድባ ምድር በጣም የሚስማማው ግን የወንዙ ነው። ጻድቁ መጽሐፍና እሳት ይዘው ሲጓዙ ከሞላ ወንዝ ይደርሳሉ፤ ጸልየው ይገባሉ፤ ውኃው ይውጣቸዋል፤ ማዶ ሲወጡ መጽሐፉ አልራሰም፣ እሳቱም አልጠፋም። ክረምት ላይ የዛሪማንና የተከዜን ሙላት ያየ ሰው ታሪኩ በዚያ አገር አድማጭ ዘንድ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ይገባዋል። መነኩሴው ወደ ማዶ ይዞት የሚሻገረው መጽሐፉንና እሳቱን፣ ማለትም ትምህርቱንና ጸሎቱን ነው። የአቡነ ሳሙኤልን ገድል ሩሲያዊው ሊቅ ቦሪስ ቱራዬቭ በ1902 እ.ኤ.አ. በሴንት ፒተርስበርግ አሳትሞታል።

ከሥርዓቱ ሁሉ ስሙ የገነነው የምግቡ ነው። በዋልድባ እህል አይዘራም፣ የእህል ምግብም አይበላም። መነኩሴው የሚቀምሰው ቋርፍ ነው። ቋርፍ በጥንት ጊዜ ከዱር ተቆፍሮ ከሚወጣ ሥራ ሥር ይዘጋጅ ነበር፤ በኋላ ግን በገዳሙ አትክልት ስፍራ የሚለማው ሙዝ ዋነኛው ሆኗል። ነፍስን ያቆማል እንጂ ምላስን አያባብልም። ይህን ልማድ እንደ ብርቅ ነገር ብቻ የሚያወሩ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ከጀርባው የያዘው ብልህነት ከብርቅነቱ ይበልጣል። እህል ባለበት እርሻ አለ፤ እርሻ ባለበት በሬ፣ ጎተራ፣ ርስትና የርስት ሙግት አለ። የሰሜኑን ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ የሚይዘው ይህ ሁሉ ጣጣ በዋልድባ ከሥሩ ተቆርጧል። መነኩሴው በየቀኑ ከእህል ጋር መታገል አይጠበቅበትም፤ ቦታው ራሱ ፈተናውን አርቆለታል። ቁርጥ ሐሳብ በሰው ጽናት ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል፣ አካባቢው እንዲያግዘው ተደርጎ ተሠርቷል።

ወደ ዋልድባ የገባ ሁሉ ግን በዕለቱ መነኩሴ አይሆንም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ለምንኩስና የመጣ ሰው አስቀድሞ ረድእ ሆኖ ያገለግላል። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አረጋውያንን ይጦራል፣ እንግዳ ያስተናግዳል፣ ሥራ ሥር ይቆፍራል። ፍትሐ ነገሥት መነኩሴ የሚሆን ሰው ሦስት ዓመት እንዲፈተን ያዝዛል። ፈተናው ቀላል አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ለብቻው በዋሻ ሊጸልይ፣ ሊሰግድ፣ ሊያለቅስ አስቦ የመጣ ወጣት ለሽማግሌ መነኩሴ ውኃ እንዲያመላልስ ይታዘዛል። ያሰበው ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ ይሆንበታል። አባቶች የሚመዝኑትም ይህንኑ ነው፦ ሰውዬው የመጣው የራሱን ፈቃድ ሊፈጽም ነው ወይስ ሊተው? በሕዝቡ ዘንድ የሚወራው የባሕታዊው ተጋድሎ ቢሆንም የገዳሙ ዕድሜ የቆመው በረድኡ ትከሻ ላይ ነው።

የፈተናውን ዘመን የጨረሰ ሰው ሲመነኩስ ጸሎተ ፍትሐት ይደገምለታል። ይህ ለሞተ ሰው የሚደርስ ጸሎት ነው። ከዚያ በኋላ ለዓለም እንደሞተ ይቆጠራል፤ ስሙ ይለወጣል፣ ርስቱ አይቆጠርለትም፣ ሚስት አያገባም። ልብሱም በደረጃ ነው፤ ቀሚስ፣ ቅናት፣ ቆብ፣ በመጨረሻም አስኬማ። የምንኩስናው አባት ቅዱስ እንጦንስ ነው ተብሎ ስለሚታመን ሥርዓቱ ከግብፅ በረሃ ጋር በአንድ ሐረግ የተያያዘ ነው። መነኩሴው የሚማርበት መጽሐፈ መነኮሳትም ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ሦስቱም ከውጭ ተተርጉመው በኢትዮጵያ ሊቃውንት አንድምታ የተብራሩ ናቸው። የግብፅና የሶርያ አባቶችን ምክር የዋልድባ ሰው በቋርፍና በወንዝ መካከል ኖረበት።

የዕለቱ ኑሮ በሰባት ጊዜያተ ጸሎት የተከፈለ ነው፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። በመካከሉ ሥራ፣ ንባብና ስግደት አለ። መቁጠሪያው 41 ወይም 64 ፍሬ ይኖረዋል፤ ኪርያላይሶን 41 ጊዜ ይባላል። ትልቁን ጸሎት በትንንሽ ዕለታዊ ድርሻ የመክፈሉ ጥበብ ከሁሉ በላይ የሚታየው በዳዊት ነው። 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ተከፋፍሏል፤ ሰኞ እስከ 30ኛው፣ ማክሰኞ እስከ 60ኛው፣ ረቡዕ እስከ 80ኛው፣ ሐሙስ እስከ 110ኛው፣ ዓርብ እስከ 130ኛው፣ ቅዳሜ እስከ መጨረሻው ይደገማል፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይነበባል። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ ለሰባቱ ቀን ሰባት ክፍል አለው። ዳዊቱን ሙሉ መድገም ከባድ የሚመስለው ሰው የዕለቱን ድርሻ ብቻ ይዞ ይነሣል፤ ዓመቱ ሲያልቅ መጽሐፉን ከሃምሳ ጊዜ በላይ ወጥቶታል። መነኩሴውን ያጸናው የአንድ ቀን ግለት ሳይሆን ይህ የማይቋረጥ ድርሻ ነው።

ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በሆነች ጊዜ ዋልድባ ለከተማዋ የቅርብ ጎረቤት ነበር። ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚወስደው የነጋዴ መንገድ በዚህ ቆላ አልፎ ሊማሊሞን ይወጣ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ አልፎ ጎንደር ሲገባ፣ የዋልድባን ሞቃት ቆላና በዚያ የተሰበሰቡትን ብዙ መነኮሳት ጠቅሶ ጽፏል። ትንቢታቸው በጎንደር ሰዎች ዘንድ ይሰማ እንደነበርም ያወሳል። ብሩስ በቤተ መንግሥት ያገኛቸው ወጣቱ ንጉሥ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት 2ኛ ነበሩ። ገና በልጅነታቸው ነግሠው፣ በኃያሉ መስፍን በራስ ሚካኤል ስሑልና በተቀናቃኞቻቸው ጦርነት መካከል ሰባት ዓመት ያህል ቆዩ። በጎንደር ባዕታ ለማርያምን የተከሉት እሳቸው ናቸው። በ1769 ዓ.ም. ዙፋኑን ለቅቀው ወደ ዋልድባ ወረዱ፤ በዚያም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ።

የንጉሡ ምናኔ በሁለት ወገን ሊታይ ይችላል። በዘመነ መሳፍንት መጀመሪያ ዙፋን የለቀቀ ንጉሥ ከገዳም ሌላ ብዙ መሄጃ አልነበረውም፤ ወደ ዋልድባ መውረድም ከተቀናቃኝ ለማምለጥ አንዱ መንገድ ነበር። ነገር ግን በቤተ መንግሥት ያደገ ሰው እህል ወደማይበላበት ስፍራ ሲወርድ ሥርዓቱ ለእሱ ብሎ አይለወጥም። ንጉሥ የነበረውም፣ እረኛ የነበረውም ከአንድ ገበታ ቋርፍ ይቀምሳሉ። በመደብና በዘር በተከፋፈለ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ እኩልነት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ገዳሙ በሕዝብ ዘንድ ያተረፈው ክብርም በብዛት ከዚህ የመጣ ነው። ማኅበሩ ራሱ ግን ከክርክር ነጻ አልኖረም። ቤተ ጣዕማና ቤተ ሚናስ በሚባሉ ሁለት ቤቶች ተለይቶ መኖሩ ይታወቃል።

የገዳሙ ሥርዓት ከድንበሩ ውጭ ያለውንም ምእመን ቀርጾታል። በደጋውም በቆላውም ያለ ክርስቲያን የነፍስ አባት አለው፤ ሰባቱን አጽዋማት ይጾማል፤ ልጅ ያጣች፣ የታመመ፣ ሙግት የገባ፣ ለሩቅ መንገድ የተነሣ ሰው ስእለት ይሳላል። ስእለቱ ሲሰምር ጧፍ፣ ዣንጥላ ወይም መጋረጃ ለቤተ ክርስቲያን ያስገባል። ከዚህ ጠንከር ያለ ጉዳይ የያዘ ሰው ደግሞ ሱባኤ ይገባል። ሱባኤ ሲያንስ ሰባት ቀን ነው። ሰውዬው የሚለምነውን ለይቶ፣ ከነፍስ አባቱ ተማክሮ፣ የስግደቱንና የጸሎቱን ልክ ተቀብሎ ወደ ገዳም ይሄዳል። ልኩን ራሱ አለመወሰኑ የሱባኤው ጥበብ ነው። ከልኩ በላይ ልጹም፣ ከልኩ በላይ ልስገድ የሚል ሰው በነፍስ አባቱ ይገታል፤ የሚሰንፈው ደግሞ ቃሉን የሰጠበት ሰው አለ። ዋልድባ፣ ማኅበረ ሥላሴና ሌሎችም የጎንደር አካባቢ ገዳማት ለዘመናት እንዲህ ያለውን ሰው ሲቀበሉ ኖረዋል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የጎንደር መንገድ በሊማሊሞ ገደል ተቆርጦ ወደ ዛሪማ፣ አዲ አርቃይና ሽሬ ሲዘረጋ የገዳሙ መዳረሻ ተለወጠ። ቀድሞ ተጓዡ በበቅሎና በእግር ብዙ ቀን ይደክምበት የነበረው መንገድ አጠረ፤ ዛሪማና አዲ አርቃይም ለተሳላሚው ማረፊያ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ትልቁ ክርክር በ2004 ዓ.ም. የተነሣው ነው። መንግሥት ለወልቃይት ስኳር ልማት በዛሪማ ወንዝ ላይ ግድብ ሲጀምር፣ መነኮሳቱና ብዙ ምእመናን የገዳሙ ይዞታና መካነ መቃብር ይነካል ብለው ተቃወሙ፤ መንግሥት በበኩሉ ገዳሙ አይነካም ሲል መለሰ። የክርክሩ ብዙው ክፍል ስለ ድንበርና ስለ ሄክታር ነበር። የዋልድባ ሥርዓት ግን ከቦታው የማይነጠል ነው። እህል የማይዘራበት ምድር፣ ሥራ ሥር የሚቆፈርበት ዱርና ክረምት የሚዘጋው ወንዝ ለመነኩሴው ቁርጥ ሐሳብ ቅጥር ሆነው ኖረዋል። በዛሪማ ዙሪያ የሚታቀድ ማንኛውም ልማት ይህን ቅጥር ከሄክታሩ ጋር አብሮ ሊቆጥረው ይገባል፤ በቃል ብቻ የሚተላለፈው የረድኡና የአረጋውያኑ ሥርዓትም የሚያውቁት አባቶች በሕይወት ሳሉ ሊጻፍ ይገባል።