እንቅልፍ፣ በቆሎና ወተት፦ ስለ ጥንድ ልኬት አንዲት የታሪክ ማስታወሻ

የስታቲስቲክስ ነገር ሲነሣ እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ፊታችንን ወደ መስኮት እናዞራለን። «የነሱ ነው» ብለን ለሳይንስ ሰዎች ትተንላቸዋል። ይሁን እንጂ ሁለት ልኬት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ልዩነቱ እውነት ነው ወይስ አጋጣሚ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪክ ደግሞ የኛ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪኩ ዋና ሰው የብዕር ስሙ «ስቱደንት» ነው፤ ተማሪ ማለት ነው እንግዲህ። እዚህ ላይ ትንሽ ብንኮራ አይፈረድብንም። እውነተኛ ስሙ ዊልያም ሲሊ ጎሴት ሲሆን፣ በ1899 ደብሊን ከተማ በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በገዛ ስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ በዚህ ስም ተሸሸገ። የዘመኑ ሊቃውንት ሒሳብ የተሠራው ለብዙ መቶ ልኬት ነበር፤ ገብስና ቢራ የሚመረምረው ጎሴት እጅ ያለው ግን ጥቂት ብቻ ነው። በጥቂት ልኬት እንዴት ይፈረዳል? መልሱን በ1908 ባዮሜትሪካ በተባለው መጽሔት አወጣ።

ምሳሌ ያደረገው ግን ቢራን ሳይሆን እንቅልፍን ነው። ኩሽኒና ፒብልስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1905 ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ሚቺጋን፣ ካላማዙ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የተኙ ሰዎች በተለያዩ ሌሊቶች የተለያየ የእንቅልፍ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ነበር። ስቱደንት የአሥሩን ሰዎች ልኬት ወሰደ። አንደኛው መድኃኒት በአማካይ 0.75 ሰዓት፣ ሁለተኛው 2.33 ሰዓት እንቅልፍ ጨመረላቸው።

ቁጥሮቹን እንደ ሁለት የማይተዋወቁ ቡድኖች ብናያቸው ነገሩ አጠራጣሪ ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት፣ መድኃኒቶቹ አንድ ዓይነት ቢሆኑም እንኳ፣ ከመቶ ስምንት ጊዜ ያህል በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ይችላል። ምክንያቱም ሰው ከሰው እጅግ ይለያያል። አንዱ በሽተኛ በመጀመሪያው 3.7፣ በሁለተኛው 5.5 ሰዓት አተረፈ፤ ሌላው በመጀመሪያው ጭራሽ 1.2 ሰዓት ከሰረና በሁለተኛው 0.1 ብቻ አገኘ። ሰማይና ምድር ናቸው። ግን እያንዳንዱን ከራሱ ጋር ስናስተያየውስ? የአንደኛው ልዩነት 1.8፣ የሌላው 1.3 ሆነ። ተቀራረቡ እኮ! አሥሩንም እንዲህ አድርገን አማካይ ልዩነቱን (1.58 ሰዓት) ስንመዝን፣ የአጋጣሚው ድርሻ ከሺህ ሦስት ገደማ ይወርዳል። ስቱደንት በራሱ አቆጣጠር ሁለተኛው ለመብለጡ 666 ለ1 ብሎ ፈረደ። ገበሬ በሬ ሲጠምድ አቻ ለአቻ ይፈልጋል፤ ለሰው ደግሞ ከራሱ የሚቀርብ አቻ ከየት ይመጣል?

ሰውየው የመድኃኒቶቹን ስም ሲገለብጥ አሳስቶታል። ሮናልድ ፊሸርም በ1925 መጽሐፉ ስሕተቱን እንዳለ ወሰደው። ኩረጃ የኛ ብቻ አይደለም ለካ። የአሥሩ ሰዎች ቁጥር ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍትና በኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ ይገኛል፤ ተማሪው ሰዓታቸውን ሲቀንስና ሲደምር ይውላል እንጂ በዚያ ሆስፒታል እንዴት ሰነበቱ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይደለም።

ፊሸር በ1935 ደግሞ የቻርልስ ዳርዊንን በቆሎ አነሣ። ዳርዊን በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ ከሌላ ተክል የተዳቀለና በራሱ የአበባ ብናኝ የዳበረ በቆሎ በጥንድ በጥንድ ተክሎ ቁመታቸውን ለክቶ ነበር። ከ15 ጥንዶች በ13ቱ የተዳቀለው በለጠ። የስቱደንት ሒሳብ 2.148 ሰጠ፤ በተለመደው የአምስት በመቶ ወሰን ለማለፍ የሚያስፈልገው 2.145 ነው። ለጥቂት! ፊሸር በሌላ መንገድም ሞከረው። አጋጣሚ ብቻ ቢሆን ኖሮ በየጥንዱ የትኛውም ሊበልጥ ይችል ስለነበር፣ 32,768 መልክ ይኖራል፤ ከነዚህ የዳርዊንን ያህል ወይም የሚበልጥ ልዩነት የሚያሳዩት 1,726 ናቸው። ይህ 5.27 በመቶ ነው። በአንዱ መንገድ አለፈ፣ በሌላው ወደቀ። በበኩላችን ይህችን የፀጉር ስንጥቅ የምታህል ወሰን እንደ ሕግ አንቀጽ የሚያመልኳት ሰዎች ይገርሙናል።

ወተቱ ግን ከሁሉ ይከብዳል። በ1930 ስኮትላንድ፣ ላናርክሻየር ውስጥ ወተት ለተማሪዎች ዕድገት ያለውን ጥቅም ለማወቅ 20,000 ልጆች ተመደቡ። 5,000ው ጥሬ ወተት፣ 5,000ው በሙቀት የታከመ ወተት ለአራት ወር በየትምህርት ቀኑ ሲጠጡ፣ 10,000ው ምንም ሳያገኙ ተለኩ። ምደባው በዕጣ ወይም በፊደል ተራ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ወገን ብዙ የጠገቡ ወይም ብዙ የተጎዱ ልጆች የደረሱት ከመሰለ ማቀያየር ተፈቅዶ ነበር። ስቱደንት በ1931 በጻፈው ትችት እንደገመተው፣ አስተማሪዎቹ ሳይታወቃቸው ወተቱን ወደ ድኾቹ ልጆች አዘነበሉ። የተራበ ልጅ ፊቱ ቆሞ «አንተ ለማነጻጸሪያ ነህ» ማን ይላል? በመሆኑም ወተት ያልደረሳቸው ገና ከመጀመሪያው በቁመትም በክብደትም የሚበልጡ ሆነው ተገኙ። ልብሱስ? ልጆቹ የካቲት በብርድ፣ ሰኔ በሙቀት የተመዘኑት ከነልብሳቸው ነው። ካፖርት ያለው ልጅ ካፖርቱን ሲያወልቅ የቀለለውን ያህል፣ ድሮም አንድ ልብስ ብቻ የነበረው አይቀልልም። ሚዛኑ ላይ የወጣው የወተቱ ጉልበት ይሁን የካፖርቱ፣ ማን ይለየው?

ስቱደንት ጥሬውንና የታከመውን ወተት ማወዳደር ከተፈለገ 50 ጥንድ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ከ20,000ው ልጆች የተሻለ አስተማማኝ ውጤት ይሰጣሉ አለ። አንዱ ጥሬውን፣ ወንድሙ የታከመውን ይጠጣል። ቤቱ አንድ፣ ራቱ አንድ፣ ካፖርቱም ያው አንድ ዓይነት። ወጪውም በሱ ግምት ከዚያ ከትልቁ ሙከራ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ነበር።