ሊከፈት አልቻለም

ታላቅ እህቴ የተዳረችው በ1993 ዓ.ም. ነው። ሠርጉ በቪዲዮ ካሴት ተቀርጾ ነበር። አያቴ በ1996 ዓ.ም. ሲያርፉ መልካቸውና ድምፃቸው በአንድነት የቀረው በዚያ ካሴት ላይ ብቻ ሆነ። ካሴቱም መሻገት ጀምሮ ነበርና አባቴ ሳይውል ሳያድር ወደ አንድ ቪዲዮ ቤት ወስዶ በሁለት ሲዲ አስገለበጠው፤ ካሴቱ ግን ከዚያ በኋላ አልቆየም። የመጀመሪያው ሲዲ፣ አያቴ እንግዳ ሲቀበሉና በመጨረሻም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሲፎክሩ የሚታዩበት፣ እኛ ቤት ቀረ። ሁለተኛውን፣ ሙሽሮቹን አንበርክከው የመረቁበትን፣ እህቴ ይዛው ሄደች።

በ1999 ዓ.ም. ቤታችን አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገባ። እኔ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ቡና አፈላች፤ ጎረቤት ተጠራ፤ ሁሉም በስክሪኑ ፊት ከተደረደረ በኋላ ሲዲውን ከተትኩት። ማሽኑ ጥቂት አጉረመረመና አንድ አጭር መልእክት ጻፈ፤ ፋይሉ ሊከፈት አልቻለም የሚል። ደግሜ ሞከርኩ፤ መልሱ ያው ነው። ጎረቤቶቻችን «አይዟችሁ፣ ዕቃ አይደል» ብለው በረካውን ሳይጠብቁ ተነሡ። እናቴ ግን ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። «ጠፉ ማለት ነው?» አለችኝ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ድምፅ ወደ ማሽን የገባበትን መንገድ ከሥሩ መከተል ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች እ.ኤ.አ. ያልኩት ሁሉ የአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው።)

የሰውን ድምፅ ቀድቶ መልሶ ማሰማት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1877 ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፍን ሲፈለስፍ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ያ ፈጠራ የእኛን ቤተ መንግሥት ደጅ አንኳኳ። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ የወዳጅነት ቃሏን በሰም ጥቅል ላይ አስቀርጻ ላከች። በተከታዩ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱ በዚያው ዓይነት መሣሪያ መልሳቸውን ላኩ። የንግሥቲቱ ጥቅል አንዴ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ አስቀድሞ ታዝዞ ነበርና ጠፋ። የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን ተርፎ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እንኳ ይሰማል። አንባቢዬ ይህንን ልዩነት በልቡ ያኑርልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

በሰሙ ጥቅል ላይ፣ ኋላም በሸክላው ላይ፣ ድምፅ ጭረት ነው። ጭረቱ የድምፁን ሞገድ ከፍታና ዝቅታ ተከትሎ የተቦረቦረ ስለሆነ መርፌ ከዳሰሰው ራሱ ይናገራል። የአዲስ አበባው ሸክላ ቢሰነጠቅ የተሰነጠቀው ይታያል፤ ካሴት ቢበላ የተበላው ክር በእጅ ይዳሰሳል። ጉዳቱ በዓይን የሚፈረድ ነበር። በኮምፒዩተር ዘመን ግን ድምፅ ቁጥር ሆነ። ቁጥር ደግሞ ተርጓሚ ከሌለው ዝም ይላል፤ ዝም ያለውም ስለሞተ ይሁን ወይም የሚያናግረው ስላጣ በዓይን አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ የቀረበው የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ጢጥ ከማለት ብዙም የማያልፍ አነስተኛ ድምፅ ማውጫ ነበረው። ለሙዚቃ የሚሆን አንደበት የተተከለለት ኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 አድሊብ የተባለው የድምፅ ካርድ፣ በ1989 ደግሞ ክሪኤቲቭ የተባለው የሲንጋፖር ኩባንያ ያወጣው ሳውንድ ብላስተር መጣ። በዚያ ዘመን ካርዱን የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ሙዚቃ ሳይሆን ሒሳብ ነበር። እያንዳንዱ መሣሪያ ዋናውን ፕሮሰሰር የሚጠራበት ቁጥር አለው፤ ባለቤቱ ያንን ቁጥር በካርዱ ላይ ባሉ ጥቃቅን መሰኪያዎች በእጁ ይመርጣል። ሁለት መሣሪያዎች አንድ ቁጥር ከያዙ አንዱ ወይም ሁለቱም ይደነቁራሉ። እንደ እኔ በባንክ መስኮት የሚሠራ ሰው ይህንን ለመረዳት አይቸገርም፤ ለሁለት ደንበኞች አንድ የወረፋ ቁጥር ሲሰጥ የሚሆነውን ያውቀዋል። ከዊንዶውስ 95 ወዲህ ይህንን ድልድል ማሽኑ በራሱ ይሠራው ጀመር፤ ለሰውየው የቀረለት ድራይቨር የሚባለውን፣ ካርዱንና ዊንዶውስን የሚያስማማውን ፕሮግራም መጫን ነው።

ስለዚህ ዝም ላለ ኮምፒዩተር የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «አንደበት አለህ ወይ?» የሚል ነው። የእኛው ማሽን ሲከፈት የዊንዶውስ መክፈቻ ዜማ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። አንደበቱ ጤነኛ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጉልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የዋለው የሙዚቃ ሲዲ ድምፅን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ በግራና በቀኝ። በዚህ ልኬት የአንድ ደቂቃ ዜማ ወደ 10 ሜጋባይት ይጠጋል። ይህንን ክምር ለማቅለል በጀርመን የፍራውንሆፈር ተቋም ባለሙያዎች፣ ከእነርሱም ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግ፣ ጆሮ ከማይለየው ድምፅ ቀንሰው የቀረውን የሚያጥፉበትን ዘዴ ከሌሎች ጋር ሲያዳብሩ ቆዩ፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995ም ኤምፒ3 የሚለውን የፋይል ስም መረጡለት። ያው አንድ ደቂቃ ወደ 1 ሜጋባይት ወረደ። ይሁን እንጂ የታጠፈን መዘርጋት ሥራ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ደካማ ከሆነ ዜማው እየተቆራረጠ ይንተባተባል፤ ቪዲዮ ሲሆንማ ከንፈሩ ከድምፁ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። የእኛው ሲዲ ግን ከመጀመሪያው እንቢ አለ እንጂ አልተንተባተበም። ችግሩ የጉልበት አልነበረም።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ሲዲው ገላ ነው፤ ተጭሯል ወይስ አልተጫረም? ይህን የሚፈትን ቀላል ዘዴ አለ፤ ፋይሉን ለመክፈት ከመታገል ይልቅ ወደ ሃርድ ዲስኩ መገልበጥ ነው። ገለበጥኩት። እስከ መጨረሻው ያለ እንከን ተገለበጠ። በዚያች ቅጽበት የእናቴ ጥያቄ በእርግጥ ተመልሶ ነበር፤ ቁጥሮቹ በሙሉ አሉ፤ አያቴ እዚያ ውስጥ ናቸው። እኔ ግን መልሱን ማንበብ አላወቅሁበትም።

የቀረው አራተኛው ነው። ፋይሉ ኤቪአይ የሚባለው ዓይነት ነበር። ኤቪአይ እ.ኤ.አ. በ1992 ማይክሮሶፍት ያወጣው ሲሆን፣ ለምስልና ለድምፅ ማስቀመጫ የሚሆን ሙዳይ ነው እንጂ ቋንቋ አይደለም። በሙዳዩ ውስጥ ያለው ምስል በየትኛውም የማጠፊያ ስልት የታጠፈ ሊሆን ይችላል። ማጠፊያውና መዘርጊያው በአንድነት ኮዴክ ይባላል። ሙዳዩ በውስጡ ስልቱን የሚጠቁም ባለ አራት ፊደል ምልክት ይይዛል፤ ማጫወቻው ምልክቱን አንብቦ ተመሳሳዩን ኮዴክ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ይፈልጋል፤ ካጣው «ሊከፈት አልቻለም» ይላል።

ይህንን የእኛ ጸሐፊዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው እያንዳንዱ የየራሱ አደራደር ባለው የፊደል ሶፍትዌር ነበር። በአንዱ የተጻፈ ግጥም ያ ፊደል ወደሌለበት ኮምፒዩተር ሲሄድ የላቲን ፊደልና ቅንፍ የተዘበራረቀበት ገጽ ሆኖ ይወጣል። ግጥሙ ተበላሽቷል? አልተበላሸም። ፊደሉ ሲጫንለት ቃል ሳይጎድል ይመለሳል። ስንት ሰው ግን ያንን የተዘበራረቀ ገጽ አይቶ ፋይሉን ሰርዞት ይሆን?

የቪዲዮው ኮዴክ ለምን ከማሽናችን ውስጥ ጎደለ? ይህም የራሱ ታሪክ አለው። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ማይክሮሶፍት ኤምፔግ-4 በተባለው ስልት ላይ የተመሠረተ ጥሩ ኮዴክ ነበረው፤ ሆኖም በራሱ አዲስ ሙዳይ እንጂ በኤቪአይ ውስጥ እንዳያገለግል አጥሮት ነበር። ዠሮም ሮታ የተባለ ፈረንሳዊ አጥሩን ጥሶ ኮዴኩን በኤቪአይ ውስጥ እንዲሠራ አደረገውና ዲቪኤክስ በሚል ስም ተሠራጨ። ኋላ በስሙ ኩባንያ ተቋቁሞ ኮዴኩ እንደ አዲስ ተጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ነፃ ገንቢዎች የዚያን ስም ገልብጠው ኤክስቪድ የሚል ሌላ አወጡ። አንድ ረጅም ፊልም በአንድ ሲዲ እንዲጠቃለል ያስቻሉት እነዚህ ናቸው። ቪዲዮ ቤቶች ወደዷቸው፤ የዚያን ጊዜው ዊንዶውስ ግን ይዟቸው አይመጣም ነበር። በገልባጩ ቤት የሚከፈት ሲዲ በባለቤቱ ቤት የማይከፈተው ስለዚህ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከተማሪዎች ነበር። በፓሪስ በኤኮል ሳንትራል የሚማሩ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1996 ቪዲዮን በግቢያቸው ኔትወርክ ለማስተላለፍ አንድ ሥራ ጀመሩ። ትምህርት ቤቱ ፈቅዶ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራው በነፃ ፈቃድ ለዓለም ተለቀቀ። ቪኤልሲ ይሉታል፤ ምልክቱ ብርቱካንማና ነጭ የመንገድ ቆብ ነው። ልዩነቱ ኮዴክ ከዊንዶውስ አለመለመኑ ነው፤ መዘርጊያዎቹን በጉያው ይዞ ይመጣል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተገኙት ፋብሪስ ቤላር የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2000 ከጀመረው ኤፍኤፍኤምፔግ ከተባለ ነፃ ሥራ ነው።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህንን ፕሮግራም ከኢንተርኔት ካፌ በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ጫንነው። ፋይሉን ከፈትነው። አያቴ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ ከድንኳኑ በር ላይ ቆመው ታዩ። እናቴ ከጓዳ ድምፃቸውን ሰምታ በዱቄት እጇ መጣች። ሲፎክሩ እልል አለች፤ ወዲያውም በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ወዲያው ለእህቴ ስልክ ደወልኩ። «እትዬ፣ ምርቃቱን አምጪው፤ ተገኝቷል፣ ይከፈታል!» አልኳት።

ጥቂት ዝም አለች። «እሱንማ ጣልኩት እኮ» አለችኝ። «ቢሮም ሞከርኩት፣ ጎረቤትም ሞከርኩት፤ ሊከፈት አልቻለም አለኝ። የተበላሸ ነገር አስቀምጬ ምን ላደርገው?»

እህቴን የወቀሳት የለም። ማሽኑ የጻፈውን ቃል አምና ነው። ማሽኑም አልዋሸም፤ «እኔ ልከፍተው አልቻልኩም» ማለቱ ነበር። እርሷ የሰማችው «ሞቷል» የሚለውን ነው። በእነዚህ በሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች መካከል ባለው ክፍተት የአያቴ ምርቃት ወደቀ። የቪክቶሪያ ቃል የጠፋው እንዲጠፋ ስለታዘዘ ነው። የእኛው ግን ማንም ሳይፈልግ፣ እንዲያውም ሁሉም እየፈለገው ጠፋ።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል ይባላል። የኤምፒ3 የባለቤትነት ፈቃድ ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ2017 አብቅቷል፤ ያ ቁልፍ የሁሉም ሆኗል። ሆኖም በዚያው ዓመት አይፎን ስልኮች ኤችኢቪሲ በተባለ አዲስ ስልት መቅረጽ ጀመሩ፤ ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው የልጅ ልደት ቪዲዮም እዚህ ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ድምፅ ብቻ ወይም ጥቁር ስክሪን ሆኖ ሲመጣ አይቻለሁ። ሙዳዩ አዲስ፣ ቁልፉ አዲስ፣ መልእክቱ ግን ያው የጥንቱ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ አንድ ፋይል እንቢ ሲልህ በቅደም ተከተል ጠይቀው። ሌላ ድምፅ ይሰማል ወይ? ይንተባተባል ወይስ ጭራሽ አይነሣም? ወደ ሃርድ ዲስክ ያለ እንከን ይገለበጣል ወይ? ከተገለበጠ በሕይወት አለ፤ የጎደለው ቁልፍ ነው፤ ቁልፍ ደግሞ ይፈለጋል። ሲከፈትልህም ደስ ብሎህ አትተወው፤ ቁልፉ በእጅህ ሳለ ዘመኑ በሚያውቀው ስልት ደግመህ ቅዳው፤ በሁለት ቦታም አስቀምጠው። ሲዲ ራሱ ዕድሜ አለውና።

የአያቴ ፉከራ ዛሬ በሦስት ቦታ ተቀምጧል። እህቴ የምርቃቱን ቃል ከትዝታዋ ነግራኝ በወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ሁለቴ ስትነግረኝ ሁለቴም ተለያይቷል። እናቴ ለፋሲካ በተሰበሰብን ቁጥር ፉከራውን እንድከፍትላት ታዘኛለች። ሲያበቃም ስክሪኑ ጠቁሮ ጥቂት ትቆያለች፤ ቀጣዩ የሚመጣ ይመስል።