ሳይጠሩ ከማዕድ የቀረቡ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ወሊማ ላይ ተገኝቼ ነበር። ድንኳኑ ሰፊ፣ ምግቡም አላህ ይጨምርላቸውና የተትረፈረፈ ነበር። ምግቡ ሲቀርብ ግን መልካም ልብስ የለበሱ፣ መኪናቸውን ደጅ ያቆሙ ሰዎች እየተጋፉ ሥጋውን በሳህናቸው ላይ ቆለሉት፤ ብዙውንም ሳይነኩት ትተው ተነሡ። በዚያው ሰዓት ያረጀ ኮት የለበሱ አንድ አዛውንት ከደጃፉ ላይ "የጥሪ ወረቀት አለዎት?" ተብለው ይመለሱ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ ሐጂ ይህን አይተው "ዛሬማ ሳይጠራ የሚመጣ ሆዳም በዛ!" አሉኝ። ሆዳም ያሉት ማንን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ዓይናቸው ያረፈው በአዛውንቱ ላይ ነበር።

"ሳይጠሩት አቤት" እያልን የምንቀልድበት ይህ ሰው በእስልምና ታሪክ ውስጥ የራሱ ስም አለው። ዐረቦች "ጡፈይሊ" ይሉታል። መጠሪያው የተወሰደው በኩፋ ይኖር ከነበረ ጡፈይል ከሚባል ሰው ነው። ይህ ሰው ማንም ሳይጠራው ከሠርግ ወደ ሠርግ ይዞር ስለነበር "የሠርጎች ጡፈይል" የሚል ቅጽል ወጣለት። ኩፋ እንደ ውኃ ገንዳ ወለል ብላ በታየችኝና የሚደገስባት ቤት ሁሉ ባልተሰወረኝ እያለ ይመኝ ነበር ይባላል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ በስሙ ተጠሩ።

የእነዚህን ሰዎች ወሬ ሰብስቦ መጽሐፍ ያደረገው ተራ ቀልደኛ አይደለም። በ392 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ 1002) ተወልዶ በ463 (እ.ኤ.አ 1071) ባግዳድ ውስጥ ያረፈው፣ የባግዳድን ታሪክ የጻፈው ታላቁ የሐዲስ ሊቅ አል-ኸጢብ አል-በግዳዲ ነው። ለሐዲስ እንደሚያደርገው ሁሉ የጡፈይሊዎችንም ወሬ ማን ከማን እንደሰማው እየቆጠረ አስፍሮታል። ይህን ያህል ድካም ለሆዳሞች ወሬ ለምን አስፈለገ ሊባል ይችላል። እኔ ግን ሊቁ የሰውን ጠባይ ከማዕድ ዙሪያ የበለጠ የሚገልጥ ቦታ እንደሌለ የተረዳ ይመስለኛል።

በዚህ ዓይነቱ ወሬ ውስጥ የድሮዎቹ ጡፈይሊዎች ለደቀ መዛሙርቶቻቸው የሰጡት ምክር ይገኛል። ወደ ሠርግ ስትገባ እንደሚጠራጠር ሰው ወዲያና ወዲህ አትመልከት፤ ሰው ከበዛ እያዘዝክ እየከለከልክ ተመላለስ፤ የሙሽራው ወገኖች ከሙሽራዋ በኩል የመጣህ ይመስላቸዋል፣ የሙሽራዋም ወገኖች ከሙሽራው በኩል። በረኛው ክፉ ከሆነም ቀድመህ አንተ እዘዘው። ሺህ ዓመት ያለፈው ምክር ዛሬ በየድንኳናችን የሚሠራ መሆኑ ያስቃል። ልብ ብለን ካየነው ግን ይህ ብልሃት የሚሠራው ደህና ለለበሰ ሰው ብቻ ነው። ያረጀ ኮት የለበሰ ሰው በረኛውን ቢያዝ ማን ይሰማዋል?

ታሪክ ጸሐፊው አል-መስዑዲ ከሚያወሳቸው አንዱ ታሪክ ይህን ነገር የበለጠ ያሳየናል። ጊዜው ከ198 እስከ 218 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ ከ813 እስከ 833) የገዛው የኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን ነው። አንድ ጡፈይሊ በበስራ ከተማ ዐሥር ሰዎች ተሰብስበው ሲሄዱ አየና "እነዚህማ ለድግስ ነው የሚሄዱት" ብሎ ተቀላቀላቸው። ጀልባ ተሳፈሩ፣ እርሱም ተሳፈረ። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም በሰንሰለት ሲታሰሩ እርሱም አብሮ ታሰረ። ለካ ሰዎቹ የማኒን እምነት ይዛችኋል ተብለው ወደ ኸሊፋው የሚወሰዱ እስረኞች ኖረዋል! ዐሥሩ በየስማቸው እየተጠሩ ተገደሉ፤ የስም ዝርዝሩ ሲያልቅ አንድ ሰው ተረፈ። "አንተስ ማነህ?" ቢባል ድግስ መስሎት መግባቱን ተናገረ። አል-መእሙን ሳቀ፤ ነገር ግን ይህን ያህል ነፍሱን ለሆዱ የሸጠ ሰው ይቀጣ ዘንድ አዘዘ።

በዚህ ጊዜ የኸሊፋው አጎት ኢብራሂም ኢብኑል መህዲ ተነሣና ሰውየውን ማርልኝ፣ እኔም ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርህ አለ። ኢብራሂም የሃሩን አር-ረሺድ ወንድም ነው፤ እ.ኤ.አ ከ817 እስከ 819 ድረስ ባግዳድ ውስጥ ራሱ ኸሊፋ ተብሎ ነበር። ታሪኩም እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን በባግዳድ መንገድ ሲያልፍ ከአንድ ቤት የወጣ የወጥ ሽታ አቆመው። የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠየቀ፤ ሁለት እንግዶች ሲገቡ አብሯቸው ገባ። ባለቤቱ ከእንግዶቹ ጋር የመጣ መሰለው፤ እንግዶቹም የባለቤቱ ወዳጅ መሰላቸው። ያው የጡፈይሊዎቹ ብልሃት! ኸሊፋው በታሪኩ ተደስቶ የበስራውን ሰው ማረው፤ ስጦታም ሰጠው።

ተራኪዎቹ ይህን የሚያወሩት ለሳቅ ነው። እኔ ግን ሳነበው ሁልጊዜ የምቆመው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ሰዎች ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ አንደኛው ለቅጣት ተዘጋጀ፣ የሌላው ግን ለኸሊፋ መጫወቻ የሚሆን ጣፋጭ ወሬ ሆነ። የቤተ መንግሥት ልጅ ደግሞ ተርቦ አልነበረም።

ከባግዳድ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ተመልሰን መዲናን ብናይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት አቡ ሹዐይብ የተባለ የአንሷር ሰው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ላይ ረሃብ አየና ለአምስት ሰው የሚሆን ምግብ አሠርቶ ጠራቸው። ሲሄዱ አንድ ያልተጠራ ሰው ተከተላቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰውየውን ተደብቆ እንዲገባ አላደረጉም፤ ሆዳም ብለውም አላሳፈሩትም። ይህ ሰው ተከትሎናል፣ ብትሻ ፍቀድለት፣ ካልሻህም ይመለሳል ብለው ለባለቤቱ ነገሩት። እርሱም ፈቀደ። የባለቤት መብትም የእንግዳ ክብርም በአንድ ንግግር ተጠበቀ።

ባለጸጎች ተጠርተው ድሆች የሚተዉበት ወሊማ ምግቡ ከምግብ ሁሉ የከፋ መሆኑን ያስተላለፈልን ደግሞ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ነው። እርሱ ራሱ በመስጊዱ ከሚያድሩት ከሱፋ ሰዎች አንዱ የነበረ፣ ከረሃብ የተነሣ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ሰዎች ያበደ ይመስላቸው የነበረ ሰው ነው። ደጅ መቆም ምን እንደሆነ ያውቃል።

በዐብደላህ ኢብኑ ዙበይር ዘመን መዲና ላይ ድርቅ ሆነና ለሰዎች ቴምር በነጻ ይታደል ነበር። ሰዎቹ ሲበሉ ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ያልፍና ባልንጀራህ ካልፈቀደልህ በቀር ሁለት ሁለት ቴምር አንድ ላይ መጉረስን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል ይላቸው ነበር። አብሮህ የሚበላው ሰው ድርሻ በአንተ ጉርሻ ይለካል ማለት ነው። ይህ በድርቅ ዘመን የተነገረውን ያህል ለተትረፈረፈ ሳህንም የሚሆን ይመስለኛል።

ይኸው ኢብኑ ዑመር ድሃ ተጠርቶ አብሮት ካልቀረበ በቀር ምግብ አይበላም ነበር። አንድ ቀን አገልጋዩ ናፊዕ ያመጣው ሰው እጅግ ብዙ በላ። ኢብኑ ዑመር ያንን ሰው ዳግመኛ እንዳያስገባበት ለናፊዕ ነገረው፤ አማኝ በአንድ አንጀት ይበላል የሚለውንም ሐዲስ አስታወሰው። ይህን ዘገባ አልደብቅም፤ ድሃም ቢሆን በስስቱ ሊወቀስ ይችላል ማለት ነውና። ነገር ግን ወቃሹን እንይ። ከድሃ ጋር በአንድ ገበታ ተቀምጦ፣ እጁን ከእጁ ጋር አንድ ላይ ሰዶ ሲበላ ያየው ሰው ነው እንጂ ከድንኳን ውስጥ ሆኖ ደጃፉን የሚያይ ሰው አይደለም።

ያን ዕለት ከወሊማው ስወጣ አዛውንቱ ከአጥሩ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዲት የቤቱ ሴት በነጠላዋ ሸፍና በሳህን ምግብ አመጣችላቸው። ሁለት እጃቸውን ታጥበው ቢስሚላህ አሉና፣ አጠገባቸው ወደ ቆመው የመኪና ጠባቂ ልጅ ዞረው "ና ልጄ፣ ቅረብ" አሉት።