የቤት እርጥበት ማስወገጃ

የቤት እርጥበት ማስወገጃ በቤት አየር ውስጥ ያለውን የውሃ ተን እየለየ በማውጣት ግድግዳ፣ ልብስና እህል እንዳይሻግቱ የሚረዳ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። አሠራሩ ከኤር ኮንዲሽነር ጋር ይዛመዳል፤ ዊሊስ ካሪየር በ1902 እ.ኤ.አ. ብሩክሊን ላለ ማተሚያ ቤት የነደፈው ሥርዓትም ዋና ዓላማው ወረቀት የሚያበላሸውን እርጥበት መቆጣጠር ነበር። ማራገቢያው አየሩን በቀዝቃዛ ቱቦ ላይ ያሳልፋል፤ ተኑ ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል ወይም በቱቦ ይፈሳል፤ የደረቀው አየር ሞቅ ብሎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ለሙሉ ቤት የሚሠራው ዓይነት የአየር ማስተላለፊያ ቦይ ስለሚፈልግ፣ ቦይ በሌላቸው ቤቶች የሚያገለግለው ተንቀሳቃሹ ነው። ሻጋታን ለመከላከል አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን ይመከራል።

የመሣሪያው አስፈላጊነት ግን እንደ አካባቢው ይለያያል፤ በአፋር ቆላ፣ በተለይ በአዋሽ አርባና በሰመራ፣ የዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ ስለሆነ መሣሪያው እምብዛም አያስፈልግም። ለሙቀቱ የሚገጠመው ኤር ኮንዲሽነር ራሱ ተን ያወጣል፤ በውሃ ትነት የሚያቀዘቅዘው ግን እርጥበት ይጨምራል። አርብቶ አደሮች በሰሌን የሚያለብሱት ተነቃይ ቤትም አየር ያስተላልፋል። በአዋሽ ሸለቆ ግን ጎርፍ ለሻጋታ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት የአዋሽ ወንዝ ሞልቶ በአፋር በርካታ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። ጎርፍ የገባበት ቤት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል። ውሃው ሳይወጣና የረጠበው ዕቃ ሳይነሳ መሣሪያው ብቻውን አያደርቀውም።