ዴሞን፤ ተራ ስክሪፕት የጀርባ አገልጋይ ስለሚሆንበት ሥርዓት

ዴሞን በዩኒክስና ከእርሱ በተወለዱት የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ዘንድ፥ ማንም ተጠቃሚ በፊቱ ተቀምጦ ሳያዝዘው፥ ከመጋረጃ በስተጀርባ ሆኖ ሌትና ቀን የሚያገለግል ፕሮግራም የሚጠራበት ስም ነው። ኢሜይል የሚያደርሰው፥ ድረ ገጽ የሚያቀብለው፥ ሰዓቱን ጠብቆ ሥራ የሚቀሰቅሰው፥ ከሩቅ የሚመጣውን ተጠቃሚ በበር የሚቀበለው ሁሉ የዚህ ወገን ነው፤ ብዙዎቹም በስማቸው መጨረሻ «ዲ» የተባለችውን የላቲን ፊደል ስለሚያስከትሉ ኤስኤስኤችዲ፥ ኤችቲቲፒዲ፥ ክሮንዲ እየተባሉ ይታወቃሉ።

ስሙ ለአማርኛ አንባቢ ጥቂት የሚያስደነግጥ ነው፤ በግሪክ ቋንቋ ከዚሁ ሥር የወጣውን ቃል የግእዝ መጻሕፍት ጋኔን ብለው ተርጕመውታልና። ይሁን እንጂ ከክርስትና በፊት በነበሩት በግሪክ ፈላስፎች ዘንድ ዳይሞን በአማልክትና በሰው መካከል የሚላላክ ረቂቅ መንፈስ እንጂ የግድ ክፉ አልነበረም። ወደ ኮምፒዩተር የገባውም በሌላ መንገድ ነው፤ ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1867 በሐሳቡ የፈጠረውን፥ በአንዲት ትንሽ በር ቆሞ ፈጣኑን የአየር ቅንጣት ከዘገምተኛው ሳይታክት የሚለየውን ረቂቅ ፍጡር በማሰብ፥ እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፕሮጀክት ማክ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ስሙን ለማይታዩት አገልጋዮቻቸው እንደ ሰጡ፥ የቡድኑ መሪ ፈርናንዶ ኮርባቶ ኋላ መስክሯል።

ተራ ስክሪፕት ዴሞን ያልሆነበት ምክንያት የሚሠራው ሥራ ትንሽ ስለሆነ አይደለም፤ እስራቱ ስለ በዛ ነው። አንድ ሰው በየአምስት ደቂቃው የዲስኩን ባዶ ቦታ እየለካ የሚመዘግብ ዐሥር መስመር ስክሪፕት ጽፎ ከተርሚናል ቢያስነሣው፥ ያ ስክሪፕት የወላጁን፥ ማለት ትእዛዙን ተቀብሎ ያስነሣውን የሼሉን፥ ክፍለ ጊዜ፥ ተርሚናሉን፥ የቆመበትን ማኅደር፥ የተከፈቱትንም ፋይሎች ሁሉ ይወርሳል፤ ሰውዬው ተርሚናሉን ዘግቶ ሲሄድም ሲግሃፕ የሚባለው ምልክት ይደርሰውና ከወላጁ ጋር ይሞታል። የምልክቱ ስም ኮምፒዩተር በስልክ መስመር ይጠራ ከነበረበት ዘመን የቀረ ሲሆን፥ ፍችውም «ስልኩ ተዘጋ» ማለት ነው። ኖሃፕ የተባለው ትእዛዝ ይህን አንዱን ምልክት ብቻ እንዳይሰማ ያደርገዋል፤ ለአንድ ሌሊት ሥራ ይበቃል፥ ለአገልጋይነት ግን አይበቃም።

ጥንታዊው ሥርዓት ይህን እስራት አንድ በአንድ መቍረጥ ነበር። ፕሮግራሙ አስቀድሞ ፎርክ በሚባለው ጥሪ ራሱን አባዝቶ ልጅ ይወልዳል፥ ወላጁም ወዲያው ያልፋል፤ የሙት ልጅ ሆኖ የቀረውን በቍጥር 1 የሚታወቀው የሂደቶች፥ ማለት በሥራ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች፥ ሁሉ አባት እንደ ልጁ ይቀበለዋል። ልጁ ሴትሲድ በሚባለው ጥሪ አዲስ ክፍለ ጊዜ መሥርቶ ከተርሚናሉ ይለያል፤ ይህ ጥሪ የሂደቶች ቡድን አለቃ ለሆነ ሂደት የተከለከለ ስለሆነ፥ የመጀመሪያው ፎርክ ያስፈለገበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቀጥሎ ሁለተኛ ፎርክ ይደረጋል፤ የክፍለ ጊዜ አለቃ ያልሆነ ሂደት ተርሚናል ዳግመኛ ሊይዝ አይችልምና። ከዚያ ወዲያ የቆመበት ዲስክ በእርሱ ምክንያት ከመነቀል እንዳይታገድ ወደ ሥረ ማኅደሩ ይሄዳል፤ የፋይል ፈቃድ የሚወስነውን ጭንብል ያስተካክላል፤ 0፥ 1 እና 2 የሚባሉትን የመግቢያ፥ የመውጫና የስሕተት ቧንቧዎች ዘግቶ ዴቭ ኑል ወደሚባለው ባዶ ጕድጓድ ያዞራቸዋል። መነኩሴ ሲመነኩስ የሙታን ጸሎት እንደሚደርስለት የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ያስተውለዋል። ሪቻርድ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው የዩኒክስ ፕሮግራም መጽሐፉ ይህን ሥርዓት በዝርዝር ካስቀመጠ ወዲህ፥ የአንድ ትውልድ ፕሮግራመኞች ከእርሱ ገልብጠዋል።

በተግባር ግን ጀማሪን የሚያደክመው ይህ ሁሉ ሳይሆን ጥቃቅኑ ነገር ነው። በእጅ ሲነሣ በደኅና የሚሠራ ስክሪፕት ዴሞን ከሆነ በኋላ «ትእዛዙ አልተገኘም» ብሎ ይወድቃል፤ ምክንያቱም ፓዝ የሚባለው የመንገድ ዝርዝር የተጠቃሚው እንጂ የአገልጋዩ አይደለም። ስለዚህ ትእዛዝም ፋይልም ከሥሩ ጀምሮ በሙሉ አድራሻው መጻፍ ይገባዋል። ደግሞም በቍጥር 15 የሚታወቀው የማብቂያ ምልክት ሲመጣ ዴሞኑ የጀመረውን ጨርሶ እንዲወጣ ማስተማር ያስፈልጋል፤ ቍጥር 9 የመጣ እንደሆነ ግን ለኑዛዜ ጊዜ የለውም። ሲግሃፕም ተርሚናል ለሌለው ዴሞን ሥራ ፈት ስለሆነ፥ በልማድ «ቅንብርህን እንደ ገና አንብብ» ለማለት ተሰጥቷል።

ዛሬ ይህ የመንኖ ሥርዓት ለአብዛኛው ሥራ የማያስፈልግ ሆኗል። በአፕል ኮምፒዩተሮች እ.ኤ.አ. በ2005 ላውንችዲ፥ በሊኑክስ ደግሞ ሌናርት ፖተሪንግና ካይ ሲቨርስ እ.ኤ.አ. በ2010 ያስተዋወቁት ሲስተምዲ ነገሩን ገልብጠውታል፤ ስክሪፕቱ ራሱ ምንም ሳይቈርጥ እንደ ተጻፈ ይቀመጣል፥ አሳዳሪው ግን ንጹሕ ቦታ ያዘጋጅለታል። ፌዶራ እ.ኤ.አ. በ2011፥ ዴቢያንም በ2015 ሲስተምዲን መደበኛ አድርገው ተቀብለዋል። ባለ ስክሪፕቱ የሚጽፈው አንዲት አጭር የአገልግሎት ፋይል ብቻ ነው፤ በእርስዋም ምን እንደሚነሣ፥ በማን ስም እንደሚሠራ፥ ሲወድቅ ይነሣ እንደ ሆነ ይገልጻል፤ ስክሪፕቱ ወደ መውጫው የሚጥለውም ቃል ሁሉ በመዝገብ ይሰበሰብለታል። የድሮውን ትምህርት አጥብቆ የያዘ ሰው ስክሪፕቱ በዚህ ውስጥም ራሱን እንዲያባዛ ቢያደርግ ሥራውን ያበላሻል፤ በአገልግሎት ፋይሉ ሌላ ካልተነገረው በቀር፥ ወላጁ ሲያልፍ ሲስተምዲ አገልግሎቱ አለቀ ብሎ የቀሩትን ልጆች ይገድላቸዋልና።

የወደቀውን መልሶ ማንሣትም ልክ አለው። ልኩ ካልተለወጠ በቀር፥ ስክሪፕቱ በ10 ሴኮንድ ውስጥ 5 ጊዜ ተነሥቶ ከወደቀ፥ ሲስተምዲ እንደ ወደቀ መዝግቦ ይተወዋል፥ ሰው መጥቶ እስኪያስነሣውም ድረስ አይነካውም።