ያልተነሣው ፎቶግራፍ፦ ዜና መሠረተ ክርስቶስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቃሊቲ አድርጎ የሚወርደው አውራ ጎዳና አቃቂንና ደብረ ዘይትን አልፎ ናዝሬት ይደርሳል። ጣሊያን ከተባረረ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም.፣ ሜኖናይት የሚባሉ ክርስቲያኖች ከአሜሪካ እርዳታ ይዘው መጡ። በናዝሬትም አንድ አሮጌ የጥጥ መዳመጫ ተሰጣቸው፤ ጠርገውም ሆስፒታል አደረጉት። ስሙም በጠላት ዘመን በወደቀው በሸዋው አርበኛ በኃይለ ማርያም ማሞ ተጠራ። ሜኖናይቶች በ1536 እ.ኤ.አ. የካቶሊክ ክህነቱን ትቶ የወጣውን የሆላንዱን ሜኖ ሲሞንስን የሚከተሉ፣ ጦር መሣሪያ የማያነሡ ሰዎች ናቸው፤ ሆስፒታላቸው የጦር ጀግና ስም መያዙ ሳያስገርም አይቀርም።

በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮን ድንጋጌ አገሩን ከሁለት ከፍሎት ነበርና፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል በተባለው ምድር ማከምና ማስተማር እንጂ መስበክ አይፈቀድም ነበር። ናዝሬትም በዚያ ክልል ነበረች። ቢሆንም በ1943 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በሰኔ ወር የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች ተጠመቁ። በ1950ዎቹም መጀመሪያ ምእመናኑ ለቤተ ክርስቲያናቸው መሠረተ ክርስቶስ የሚል ስም አወጡ።

የዚያ ዘመን ሥዕል ሞልቷል። ሚሲዮናውያን ፎቶ ማንሣት ይወዱ ነበር፤ ወደ ላኪዎቻቸው ወደ ፔንስልቬንያ ሪፖርት መላክም ነበረባቸው። ነጭ ጋውን የለበሱ ድሬሰሮች፣ በረድፍ የቆሙ ተማሪዎች፣ በጥምቀት ቀን ፀሐይ ዓይናቸውን ያስጨፈናቸው ወጣቶች፤ ሁሉም ቀጥ ብለው፣ ፈገግታ ቆጥበው ቆመዋል።

እምነቱን ያቀጣጠሉት ግን በፎቶው የሌሉ የከተማው ተማሪዎች ናቸው። እንግሊዝኛ አስተምረን ብለው ወደ ሆስፒታሉ ሐኪም ሄዱ፤ እርሱም የዮሐንስን ወንጌል መማሪያ አድርጎ ሰጣቸው። ቋንቋ ፈልገው የመጡት ልጆች መጽሐፉን ይዘው ቀሩ፤ ከእነርሱም ሰማያዊ ብርሃን የተባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያኒቱ መሪዎች አንዱ ሚሊዮን በለጠ በ1965 ዓ.ም. ለዓለም ሜኖናይት ጉባኤ ፕሬዚዳንትነት ተመረጠ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያውም እርሱ ነው።

በ1974 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በጥር ወር ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋ። ሕንጻዎቿ ተወረሱ፤ የባንክ ሒሳቧ ታገደ፤ መሪዎቿ ታሰሩ፤ ከእነርሱም ያለ ፍርድ ከአራት ዓመት በላይ የተቀመጡ አሉ። ምእመናኑ አምስት አምስት ሆነው ከቤት ወደ ቤት ይዞሩ ጀመር፤ የልደት ድግስና ለቅሶም የጸሎት መሰብሰቢያ ሆነ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ። ፎቶ የሚነሣ አልነበረም፤ የፎቶ ምስክርነት ለካድሬም ይጠቅማልና። የአባላት መዝገብ መያዝም ሰው አሳልፎ መስጠት ነበር።

በዚያን ጊዜ የመዲናይቱ ታላቅ ወህኒ ከርቸሌ ነበረ። ዛሬ ፈርሶ የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ቆሞበታል፤ በእርሱም ፋንታ የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ተተካ። የእስር ቤት ዜና ሥዕል አይኖረውም፤ ዛሬም ጠያቂ በር ላይ ስልኩን አስረክቦ ነው የሚገባው። ከዚያ የሚወጣው ሰው ራሱ የሚያስታውሰው ብቻ ነው።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ የተዘጋው በር ተከፈተ። ሲዘጋ አምስት ሺህ ያህል የነበሩት አባላት ሠላሳ አራት ሺህ ገደማ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ በአልበም ውስጥ የሞላው ዘመን የጥቂቶች ዘመን ነው፤ የብዙዎቹ ዘመን ባዶ ገጽ ነው። ጸሐፊ በፎቶ ብቻ ከተመራ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን ሠርተው የተዉአት ያስመስላታል፤ ይህም ስሕተት ነው።

ያን ዘመን ያዩ አረጋውያን እየቀነሱ ነው። አንባቢ ሆይ፣ እናትህ ወይም አጎትህ በዚያ የቤት ጸሎት ከነበሩ፣ የማን ቤት እንደነበረና እነማን እንደመጡ ጠይቀህ ዛሬውኑ ጻፍ፤ አሮጌ ፎቶ ካለህም በጀርባው የሰዎቹን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በእርሳስ አስፍር።